የናራ ታላቁ ቡድሃ

የናራ ታላቁ ቡድሃ (በጃፓንኛ፦ ናራ ዳይቡትሱ) በጃፓን አገር ናራ ከተማ፣ ቶዳይጂ በተባለው ቤተ መቅደስ ውስጥ የሚገኝ ከነሐስ የተሠራ ግዙፍ ሐውልት ነው። «ዳይቡትሱ» ማለት «ታላቅ ቡድሃ»፣ «ቶዳይጂ» ማለት ደግሞ «ታላቁ የምሥራቅ ቤተ መቅደስ» ማለት ነው። ሐውልቱ ተቀምጦ የሚታይ ሲሆን ቁመቱ 15 ሜትር ያህል ነው። የሚወክለው ቫይሮቻና (በጃፓንኛ፦ ቢሩሻና) የተባለውን ቡድሃ ነው። ቶዳይጂ ማዕከሉ የሆነለት የኬጎን የቡድሂዝም ክፍል እንደሚያስተምረው፣ የቫይሮቻና ብርሃን በዓለማት ሁሉ ላይ ያለ ልዩነት ይደርሳል።

ሐውልቱ የተመረቀው በ752 ነው (በዚህ መጣጥፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሆኖም ዛሬ የሚታየው ሐውልት ሁሉም በአንድ ዘመን የተሠራ አይደለም። በምድር መንቀጥቀጥና በጦርነት እሳት ብዙ ጊዜ ተጎድቶ፣ በየዘመኑ ከሕዝብ በተሰበሰበ መዋጮና በመንግሥት ድጋፍ ታድሷል። ስለዚህ የሐውልቱ ታሪክ ስለ ሃይማኖትና ስለ ጥበብ ብቻ ሳይሆን፣ እንዲህ ያለ ታላቅ ሥራ ወጪውና ድካሙ በማን ትከሻ ላይ እንደወደቀም የሚያስረዳ ታሪክ ነው።

መነሻው

በ8ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጃፓን ዋና ከተማ ናራ ነበረች። ንጉሠ ነገሥት ሾሙ በ724 ዙፋን ከያዘ በኋላ አገሪቱ በተከታታይ መከራ ተመታች። ከ735 እስከ 737 የተዛመተው የፈንጣጣ ወረርሽኝ፣ በታሪክ ተመራማሪዎች ግምት፣ ከአገሩ ሕዝብ ሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነውን ገደለ። በ737 ብቻ የመንግሥቱን ሥራ ይመሩ የነበሩት አራቱ የፉጂዋራ ቤተሰብ ወንድማማቾች በዚሁ በሽታ አለቁ። በ740 ደግሞ ከዚያው ቤተሰብ የሆነ ፉጂዋራ ኖ ሂሮትሱጉ የተባለ ሹም በደቡባዊቱ የኪዩሹ ደሴት አመፅ አስነሣ።

በጊዜው አስተሳሰብ እንዲህ ያለ መዓት የንጉሡ የግብረ ገብነት ጉድለት ምልክት ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ሾሙ መፍትሔ የፈለገው ከቡድሂዝም ነው። በ741 በእያንዳንዱ ክፍለ አገር አንድ የወንድና አንድ የሴት መነኮሳት ገዳም እንዲሠራ አዘዘ። በ743 ደግሞ ታላቁ ቡድሃ እንዲሠራ አዋጅ አወጣ።

አዋጁ ከሌሎች የቤተ መንግሥት ትእዛዞች የሚለይበት ነገር አለው። ሾሙ የአገሩ ሀብትና ሥልጣን በእጁ እንዳለ ከገለጸ በኋላ፣ በሀብትና በሥልጣን ብቻ ሐውልቱን ማቆም ቀላል ቢሆንም የሥራው መንፈስ እንደማይፈጸም ያስረዳል። አንድ ዘለላ ሣር ወይም አንድ እፍኝ አፈር ይዞ ለማገዝ የሚመጣ ሰው ቢኖር እንኳ እንዲፈቀድለት ያዛል። የየአገሩ ሹማምንት በዚህ ሥራ ሰበብ ሕዝቡን እንዳያስጨንቁና ግብር እንዳያበዙበትም ያስጠነቅቃል። ይህ ሐሳብ ከባዶ የመነጨ አልነበረም። ሾሙ በ740 ገደማ በካዋቺ ክፍለ አገር ምእመናን በራሳቸው መዋጮ ያቆሙትን የቫይሮቻና ምስል አይቶ ነበርና። በፈቃደኝነት በማዋጣት የሚሠራው እንዲህ ያለው የምእመናን ኅብረት በጃፓንኛ «ቺሺኪ» ይባላል፤ በብዙ መልኩ ከደቦ ጋር ይመሳሰላል።

መነኩሴው ግዮኪ

ሕዝቡን ለማስተባበር ቤተ መንግሥቱ የመረጠው ግዮኪ (668–749) የተባለውን መነኩሴ ነበር። ግዮኪ ከገዳም ወጥቶ በየመንደሩ እየዞረ ይሰብክ ነበር፤ ከተከታዮቹም ጋር ድልድይ፣ የመስኖ ኩሬና መንገድ ይሠራ ነበር። በዚያ ዘመን መነኮሳት ያለ መንግሥት ፈቃድ ለተራው ሕዝብ እንዲሰብኩ ስለማይፈቀድ፣ በ717 ቤተ መንግሥቱ ሥራውን አውግዞ አግዶት ነበር። ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ግን ያው መንግሥት የእርሱን እርዳታ ፈለገ፤ በ745 «ዳይሶጆ» የተባለውን ከፍተኛውን የመነኮሳት ማዕረግ ሰጠው። ግዮኪ መዋጮና ሠራተኛ በማሰባሰብ ብዙ ደከመ፤ ነገር ግን ሐውልቱ ተፈጽሞ ሳያይ በ749 አረፈ።

አሠራሩ

ሥራው መጀመሪያ የተጀመረው ከናራ ውጭ ሺጋራኪ በተባለ ተራራማ ስፍራ ነበር። በዚያ ተደጋጋሚ የደን ቃጠሎና የምድር መንቀጥቀጥ ስለደረሰ፣ በ745 ቤተ መንግሥቱ ወደ ናራ ተመለሰ፤ ሐውልቱም አሁን ባለበት ቦታ እንደ አዲስ ተጀመረ። የሥራው መሪ ኩኒናካ ኖ ኪሚማሮ ሲሆን፣ አያቱ ከኮርያ ልሳነ ምድር ከወደቀው የቤክጄ መንግሥት ወደ ጃፓን የተሰደደ ሰው ነበር።

ይህን ያህል ነሐስ በአንድ ጊዜ አቅልጦ ማፍሰስ ስለማይቻል ሐውልቱ ከታች ወደ ላይ በስምንት ደረጃዎች ተሠራ። አሠራሩ በአጭሩ እንደሚከተለው ነበር፦

1. በመጀመሪያ በእንጨት አጽም ላይ ጭቃ እየተለጠፈ በሙሉ መጠኑ የቡድሃው ምስል ተሠራ።
2. በዚህ ምስል ላይ ሌላ የጭቃ ሽፋን ተደርጎ፣ ሲደርቅ በቁራጭ በቁራጭ ተነሣ። ይህም ሽፋን የውጪው ቅርጽ ማውጫ ሆነ።
3. የውስጠኛው ምስል ገጽ ነሐሱ ሊኖረው በሚገባው ውፍረት ልክ ተፋቀ።
4. የውጪው ሽፋን ወደ ቦታው ሲመለስ በሁለቱ መካከል ክፍተት ተፈጠረ። በዙሪያው በተተከሉ ምድጃዎች የቀለጠው ነሐስ ወደዚህ ክፍተት ፈሰሰ።
5. አንዱ ደረጃ ሲያልቅ ዙሪያው በአፈር ተሞልቶ ከፍ ተደረገና ምድጃዎቹ ወደ ላይ ወጡ። ሥራው እንደዚሁ እስከ ራሱ ቀጠለ።

ሐውልቱ በመጨረሻ በአፈር ኮረብታ ውስጥ የተቀበረ ያህል ሆኖ ነበር፤ አፈሩ ሲነሣ ምስሉ ብቅ አለ። ዋናው የማፍሰስ ሥራ ከ747 እስከ 749 የቆየ ሲሆን፣ የፀጉሩን ጥቅልሎች መሥራትና ስንጥቆችን መድፈን ከዚያ በኋላም ቀጠለ።

የቤተ መቅደሱ ጥንታዊ መዝገብ እንደሚያሳየው ለሥራው 500 ቶን ያህል መዳብ፣ 8.5 ቶን ያህል ቆርቆሮ (ቲን)፣ 440 ኪሎ ግራም ያህል ወርቅና 2.5 ቶን ያህል ሜርኩሪ ገብቷል። ከመዳቡ አብዛኛው የመጣው በምዕራብ ጃፓን በናጋቶ ክፍለ አገር ካለው የናጋኖቦሪ ማዕድን እንደሆነ በቤተ መቅደሱ ግቢ በተቆፈረው የመዳብ ቅሪት ላይ የተደረገ ምርመራ አረጋግጧል። ወርቅ ግን በጃፓን ምድር አይገኝም ተብሎ ይታመን ስለነበር ሥራው ሊፈጸም አይችልም የሚል ሥጋት ነበር። በ749 በሰሜን ምሥራቅ በሙትሱ ክፍለ አገር ወርቅ ሲገኝ፣ ቤተ መንግሥቱ እንደ ታላቅ የምሥራች ቆጥሮት የዘመኑን ስያሜ እስከ መለወጥ ደረሰ።

ወርቁ የተቀባው ከሜርኩሪ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ውህዱ በነሐሱ ላይ ተቀብቶ በእሳት ሲሞቅ ሜርኩሪው ይተናል፤ ወርቁ ተጣብቆ ይቀራል። የሜርኩሪ ትነት ለሳንባና ለነርቭ መርዝ ነው። ስለዚህ በቤተ መቅደሱ ጣሪያ ሥር ለዓመታት የቆየው ይህ ሥራ ለሠራተኞቹ እጅግ አደገኛ ነበር።

የሕዝቡ ድካም

ያው መዝገብ በእንጨትና በብረታ ብረቱ ሥራ የተሳተፉትን ሰዎችና የለገሱትን ምእመናን ሲደምር ከ2.6 ሚሊዮን በላይ ያደርሳቸዋል። የጃፓን ሕዝብ በዚያን ጊዜ ከ5 እስከ 6 ሚሊዮን ገደማ እንደነበር ስለሚገመት፣ ብዙ ተመራማሪዎች ይህን ቁጥር የሚረዱት እንደ ሰዎች ብዛት ሳይሆን አንድ ሰው በሠራባቸው ቀናት ልክ ደጋግሞ እንደተቆጠረ ድምር ነው። እንደዚያም ሆኖ ከወረርሽኝ ገና ላላገገመ አገር ሸክሙ ከባድ ነበር።

ንጉሡ በአዋጁ ሕዝቡ እንዳይጨነቅ ቢያስጠነቅቅም፣ ሁሉም እንዳሰበው አልሆነም። በ757 ታቺባና ኖ ናራማሮ የተባለ መኳንንት በመንግሥት ላይ በማሴር ተይዞ ሲመረመር፣ ለማመፅ ካነሣሡት ነገሮች አንዱ በቶዳይጂ ግንባታ ምክንያት ሕዝቡ መሠቃየቱ እንደሆነ ተናገረ። መርማሪዎቹም ግንባታው የተጀመረው የገዛ አባቱ ከፍተኛ ሹም በነበረበት ጊዜ መሆኑን ሲያስታውሱት መልስ አጣ። ይህ ቃለ ምልልስ በመንግሥቱ ይፋ ዜና መዋዕል ተመዝግቦ እስከ ዛሬ ይገኛል። የግንባታው ጥቅምና ጉዳት በዚያው ዘመንም አከራካሪ እንደነበር ያሳያል።

ዓይን የመክፈት ሥርዓት

በቡድሂዝም ልማድ አንድ ምስል ዓይኑ እስኪሣል ድረስ እንደ ተራ ዕቃ ይቆጠራል። የታላቁ ቡድሃ «ዓይን የመክፈት» ሥርዓት በ752 በአራተኛው ወር ተፈጸመ። ወርቅ የመቀባቱ ሥራ ገና አልተጠናቀቀም ነበር። ሾሙ በ749 ዙፋኑን ለልጁ ለንግሥት ኮከን አስረክቦ ነበርና በሥርዓቱ ላይ የተገኘው እንደ ቀድሞ ንጉሥ ነው።

ብሩሹን ይዞ ዓይኖቹን የሣለው ቦዲሴና የተባለ መነኩሴ ነበር። ቦዲሴና ከሕንድ ተነሥቶ በቻይና በኩል በ736 ጃፓን ደርሶ ነበር። ከብሩሹ ጋር ረጃጅም ገመዶች ታስረው፣ በታች የቆሙት ታዳሚዎች የገመዱን ጫፍ በመያዝ ዓይኑን አብረው እንደከፈቱ ተቆጠረ። ወደ 200 ሜትር የሚጠጋው ሰማያዊ የሐር ገመድ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። በበዓሉ ላይ የጃፓን፣ የቻይና፣ የኮርያና የሌሎች የእስያ አገሮች ሙዚቃና ጭፈራ ቀርቧል።

ጥፋትና ዕድሳት

በ855 በደረሰ የምድር መንቀጥቀጥ የሐውልቱ ራስ ወደቀ፤ በ861 ተመለሰ። ከዚህ የከፉት ግን ሁለት የጦርነት ቃጠሎዎች ነበሩ።

የመጀመሪያው ቃጠሎ የደረሰው በ1180 ዓመት መጨረሻ ላይ፣ የታይራና የሚናሞቶ ቤተሰቦች ለሥልጣን ሲዋጉ ነው። በታይራ ኖ ሺገሂራ የሚመራው ጦር የናራን ገዳማት ሲያጠቃ የተነሣው እሳት አዳራሹን አወደመ፤ ሐውልቱም ክፉኛ ቀለጠ። ዕድሳቱን እንዲመራ የተሾመው ቾገን የተባለ የ61 ዓመት መነኩሴ ነበር። ቾገን በአገሩ ሁሉ እየዞረ መዋጮ ሰበሰበ፤ ቼን ሄቺንግ የተባለ ቻይናዊ የብረታ ብረት ባለሙያም አሠራ። በ1185 የሐውልቱ ዓይን እንደገና ተከፈተ፤ በ1195 አዳራሹ ተመረቀ። ለአዳራሹ የሚሆነው ግንድ ከሩቁ የሱዎ ክፍለ አገር ተቆርጦ በወንዝና በባሕር እየተንሳፈፈ መጣ።

ሁለተኛው ቃጠሎ የደረሰው በ1567 ማትሱናጋ ሂሳሂደ ከባላንጣዎቹ ከሚዮሺ ወገን ጋር በቤተ መቅደሱ ግቢ በተዋጋ ጊዜ ነው። አዳራሹ ተቃጠለ፤ የሐውልቱ ራስም ወደቀ። አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት ላይ ስለነበረች የተደረገው ጥገና ጊዜያዊ ብቻ ነበር፤ ራሱም በመዳብ ሰሌዳ ተተካ። በላዩ የተሠራውን ጊዜያዊ መጠለያ በ1610 ዐውሎ ነፋስ ሲያፈርሰው፣ ሐውልቱ ለብዙ አሥርት ዓመታት በፀሐይና በዝናብ ላይ ቀረ።

ይህን ያስቆመው ኮኬይ (1648–1705) የተባለ መነኩሴ ነው። እንደሚተረከው፣ ኮኬይ ገና በልጅነቱ ቡድሃው በዝናብ ላይ ተቀምጦ ሲያይ ልቡ ተነክቶ ነበር። ከ1680ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አንዲት ወረቀት ወይም ግማሽ ሳንቲም እንኳ ቢሆን ለመቀበል ዝግጁ ሆኖ በየከተማው ዞረ። በተሰበሰበው መዋጮ ሐውልቱ ታድሶ በ1692 ዓይኑ ተከፈተ። ለአዳራሹ ግን የምእመናን ሳንቲም ብቻ አልበቃም፤ የቶኩጋዋ መንግሥት ከየግዛቱ ገንዘብ እንዲዋጣ አዘዘ። ጣሪያውን የሚሸከሙ 23 ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ሁለት አግዳሚ ወራጆች ከኪዩሹ ደሴት ከኪሪሺማ ተራሮች መጡ። አዳራሹ በ1709 ሲመረቅ ኮኬይ በሕይወት አልነበረም።

የገንዘብና የትልልቅ ግንድ እጥረት በአዳራሹ ላይ በግልጽ ይታያል። የመጀመሪያው አዳራሽ ስፋቱ 86 ሜትር ያህል ሲሆን የአሁኑ 57 ሜትር ብቻ ነው። ምሰሶዎቹም ከአንድ ግንድ አልተፈለጡም፤ በመካከለኛ ግንድ ዙሪያ ቁራጭ እንጨቶች ተደርድረው በብረት ቀለበት ታስረዋል። እንዲህም ሆኖ ወደ 49 ሜትር የሚጠጋ ቁመት ያለው ይህ አዳራሽ በዓለም ካሉት ትልልቅ የእንጨት ሕንጻዎች አንዱ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በተደረገው ጥገና፣ የከባዱን ጣሪያ ሸክም ለመቀነስ ከውስጥ የማይታይ የአረብ ብረት ድጋፍ ገብቶለታል። ከ1974 እስከ 1980 ደግሞ የጣሪያው ክዳን ታድሷል።

የአሁኑ ሐውልት ክፍሎች

በዚህ ሁሉ ምክንያት ሐውልቱ የሦስትና ከዚያ በላይ ዘመናት ሥራ ድብልቅ ነው፦

— ከ8ኛው ክፍለ ዘመን የቀሩት የሎተስ አበባ ቅርጽ ያለው መቀመጫና የእግሮቹ አካባቢ ከፊል ናቸው። በመቀመጫው ቅጠሎች ላይ በቀጭን መስመር የተቀረጹት የዓለማት ሥዕሎች ዋናዎቹ የጥንት ሥራዎች ናቸው።
— ከትከሻው በታች ያለው ገላ አብዛኛው የ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው።
— እጆቹ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ሥራ ናቸው።
— ራሱ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

የፊቱ ርዝመት ከ5 ሜትር በላይ፣ የእያንዳንዱ ዓይን ርዝመት 1 ሜትር ያህል፣ የጆሮው ደግሞ 2.5 ሜትር ያህል ነው። በራሱ ላይ ያሉት የፀጉር ጥቅልሎች ብዛት በጥንት መዝገብ 966 ተብሎ ለዘመናት ሲጠቀስ ኖሯል። በቅርብ ዘመን ተመራማሪዎች ሐውልቱን በሌዘር ለክተው በኮምፒውተር ሲቆጥሩት ግን 492 ብቻ መሆናቸውንና ከእነዚህም 9ኙ መውደቃቸውን አረጋገጡ።

የቤተ መቅደሱ አካባቢ

ናንዳይሞን ወይም ታላቁ የደቡብ በር በቾገን ዘመን በ1199 የተሠራ ነው። በግራና በቀኝ ከ8 ሜትር በላይ ቁመት ያላቸው ሁለት የእንጨት ዘበኞች ቆመዋል። እነዚህን በ1203 በኡንኬይና በካይኬይ የተመሩ ቀራፂዎች በ69 ቀናት ብቻ እንደጨረሷቸው ይታወቃል።

ከአዳራሹ ፊት ለፊት ስምንት ጎን ያለው የነሐስ ፋኖስ ይገኛል። ከሁለቱም ቃጠሎዎች የተረፈ የ8ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። በአዳራሹ ውስጥ ደግሞ ከግርጌው የተበሳ አንድ ምሰሶ አለ። ቀዳዳው የቡድሃውን የአፍንጫ ቀዳዳ ያህላል ይባላል፤ ሕፃናት ለበረከት በውስጡ ሾልከው ያልፋሉ።

ጥንት በአዳራሹ ምሥራቅና ምዕራብ ሁለት ባለ ሰባት ደርብ ማማዎች (ፓጎዳዎች) ነበሩ። የምዕራቡ በ934፣ እንደገና የተሠራው የምሥራቁም በ1362 በመብረቅ ተቃጥለዋል፤ ዛሬ የሚታየው መሠረታቸው ብቻ ነው።

ሾሶይን ከአዳራሹ በስተ ሰሜን ያለ የእንጨት ግምጃ ቤት ነው። በ756 ሾሙ ሲሞት ባለቤቱ እቴጌ ኮምዮ ንብረቱን ለታላቁ ቡድሃ ሰጠች፤ ዕቃው ከዚያ ጀምሮ በዚህ ግምጃ ቤት ተጠበቀ። ወደ 9,000 ከሚሆኑት ዕቃዎች መካከል ከፋርስ የመጡ ብርጭቆዎች፣ የሙዚቃ መሣሪያዎች፣ መድኃኒቶችና ሰነዶች ይገኛሉ። ከዝርዝሩ ጠፍተው ሲፈለጉ የኖሩ ሁለት ሰይፎች፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከቡድሃው እግር ሥር ተቆፍረው የወጡት እንደሆኑ በ2010 በኤክስሬይ በታየ ጽሑፍ ታውቋል።

ኒጋትሱዶ ከኮረብታው ጎን ያለ አዳራሽ ሲሆን በየዓመቱ ከመጋቢት (ማርች) 1 እስከ 14 በሚደረገው ሥርዓት ይታወቃል። 11 መነኮሳት ስለ ሕዝቡ ሁሉ ኃጢአት ንስሐ ይገባሉ። ማታ ማታ በረንዳው ላይ ትልልቅ ችቦዎች ይለኮሳሉ፤ ፍንጣሪው የነካው ሰው ከበሽታ ይድናል ተብሎ ይታመናል። ይህ ሥርዓት ከ752 ጀምሮ፣ ቤተ መቅደሱ በተቃጠለባቸው ዓመታት እንኳ፣ አልተቋረጠም።

በግቢውና በአጠገቡ ባለው የናራ መናፈሻ ከ1,000 በላይ አጋዘኖች በነፃነት ይንቀሳቀሳሉ። የካሱጋ አምላክ መልእክተኞች ናቸው ተብሎ ስለሚታመን ከጥንት ጀምሮ አይነኩም።

ዛሬ

ቶዳይጂ በ1998 ከሌሎች የጥንታዊት ናራ ቅርሶች ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በየዓመቱ ነሐሴ (ኦገስት) 7 ቀን ነጭ የለበሱ መነኮሳትና ምእመናን በማለዳ ተሰብስበው የሐውልቱን አቧራ ይጠርጋሉ። አንዳንዶቹ ከጣሪያው በገመድ ወርደው ፊቱንና ደረቱን ሲያብሱ፣ ሌሎቹ በእጁና በጭኑ ላይ ቆመው ይወለውላሉ። የጣሪያው ክዳን ሲያረጅ የሚተካው ሸክላም ከጎብኚዎች በሚገኝ መዋጮ ይገዛል፤ ለጋሹ ስሙን በሸክላው ላይ ይጽፋል። ሾሙ በ743 ለሣርና ለአፈር ከፍቶት የነበረው በር በዚህ መልክ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።